ሽማግሌዎች «ተፋታችኋል» የሚል ወረቀት ይዘው መጡ፤ ልፈርም?

የሜሮን እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ ወይም በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። ነገሩ አጣዳፊ ነው።

የምኖረው አዳማ ነው፣ ከፍራንኮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለችኝ፣ ኪራይ ናት። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ መኪናው የድርጅት ነው። የተጋባነው በ2005 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 4። የምንኖርበትን ቤት የገዛነው በ2010 ነው። ካርታው በእሱ ስም ብቻ ነው። ያን ጊዜ በማን ስም ይሁን ብሎ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ከገንዘቡ ብዙውን የከፈልነው እኔ ከጣልኩት እቁብ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ከቤት ወጣ። ምክንያቱን እዚህ መዘርዘር አልፈልግም፤ ልጆቼ አንድ ቀን ሊያነቡት ይችላሉ። ባለፈው እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የገዛ አጎቱ ናቸው። የያዙት ባለ መስመር ሉክ ወረቀት ነው፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ። «በስምምነት ተፋተናል። ቤቱ የባል ነው። ሚስት 150,000 ብርና የቤት ዕቃውን ተቀብላለች። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ። ከእንግዲህ አንዱ ከአንዱ ምንም አይጠይቅም» ይላል። የእሱ ፊርማ አለበት። የሽማግሌዎቹም አለ። የእኔ ቦታ ብቻ ነው ባዶ። ብሩን ግን እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። «መጀመሪያ ፈርሚ፣ ከዚያ ይሰጥሻል» ነው የሚሉኝ።

ማክሰኞ ደግሞ ከሱቅ ስመለስ አንድ ደላላ ሁለት ሰዎች ይዞ ግቢውን ሲያሳይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ይህ ወረቀት ፍቺ ነው ወይ? ቤቱን ከሸጠውስ? ፍርድ ቤት ልሂድ ብል ከየት ነው የሚጀመረው? አፋን ኦሮሞ እሰማለሁ እንጂ መጻፍ አልችልም። ለጠበቃ የሚሆን ብዙ ገንዘብም የለኝም።

የናዝሬት ልጅ፦

እህቴ አይዞሽ። እኔ ግን እንደ ወንድም የምመክርሽ 150 ሺሁን ተቀብለሽ ብትገላገዪ ነው። ካርታው በስሙ ከሆነ ቤቱ የእሱ ነው። ፍርድ ቤት ከገባሽ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደረበ ዕድሜሽን ይጨርሰዋል።

እትዬ መዝገብ፦

የሜሮን እናት፣ እንዳትፈርሚ። ይህን ልበልና ሌላውን ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ዳኛ አልነበርኩም፣ ጠበቃም አይደለሁም። ግን የቤተሰብ መዝገብ ሲከፈትም ሲዘጋም በእጄ ሲያልፍ ኖሯል። እንዳንቺ ያለ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ። የሚመጣው ከባልየው መልስ ጋር ተያይዞ ነው። «ተስማምታ፣ ገንዘቧን ተቀብላ፣ በሽማግሌ ፊት ፈርማለች» ይላል መልሱ። ወረቀትሽ ብሩን እንደ ተቀበልሽ አድርጎ ነው የተጻፈው። ስለዚህ ስትፈርሚ ላልያዝሽው ገንዘብ ደረሰኝ ትሰጫለሽ። በኋላ «አልተቀበልኩም» ብለሽ ለማስረዳት የምታዪው መከራ ለጠላቴም አይድረስ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ወረቀቱ ፍቺ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ብዙ ሰው ዛሬም እንደዚያ ይመስለዋል፤ አጎትየውም ከልባቸው እንደዚያ መስሏቸው ይሆናል፣ አልፈርድባቸውም። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ሲወጣ ግን ይህ ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሆነ። እሱ አዋጅ ቁጥር 213 ነው፤ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። አዳማ ኦሮሚያ ስለሆነች የሚገዛሽ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ከማሻሻያው 83/1996 ጋር ነው። ዋና ዋናው ነገር ይመሳሰላል። ቢሆንም የፌዴራሉን አንቀጽ ቁጥር ከስልክሽ ላይ ገልብጠሽ ማመልከቻሽ ውስጥ እንዳትከቺ። እኔም ከዚህ በታች የፌዴራሉን ስጠቅስ እየለየሁ እነግርሻለሁ።

በቤተ ክርስቲያን መጋባታችሁም ይህን አይለውጠውም። በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ ነው። የሚፈርሰውም ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። እስከዚያ ድረስ ሚስቱ ነሽ።

የናዝሬት ልጅ፣ በቅንነት እንደጻፍክ ይገባኛል፤ ግን እንዲህ ያለ ምክር ሰውን ቤት አልባ ያደርጋል። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ነው ሕጉ የሚገምተው። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ማለትም ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው መሆኑን ያሳይ። እነሱ የተጋቡት በ2005፣ ቤቱ የተገዛው በ2010 ነው። ካርታ ላይ ያለው ስም ብቻውን ቤቱን የእሱ አያደርገውም። የጋራ ንብረት ደግሞ ሲካፈል እኩል ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ ባልና ሚስት በፍቺ ጊዜም እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል።

የሜሮን እናት፣ አሁን የምጽፈውን በደንብ ያዢው። ብዙ ሴቶች ፍርድ ቤት ሲመጡ ሐሳባቸው ሁሉ ፍቺው ላይ ነው። «ፍቺው ይወሰንልኝና ንብረቱን በኋላ አያለሁ» ይላሉ። ፍቺው ግን የትም አይሄድም። የሚሄደው ቤቱ ነው። ደላላ ግቢ ከገባ ያንቺ የመጀመሪያ ሥራ እግድ ማውጣት ነው። የፍቺ ማመልከቻሽን በምታስገቢበት በዚያው ቀን ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በመያዣም እንዳይሰጥ የእግድ ማመልከቻ አብረሽ ታስገቢያለሽ። በቃለ መሐላ ይደገፋል። የደላላውን ነገር ያየሽበትን ቀን ጠቅሰሽ ጻፊ፤ ጎረቤት አይቶ ከሆነ ስሙን ጨምሪ። ዳኛው የሚያየው ንብረቱ በእርግጥ ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ነውና ባዶ ስጋት አይበቃም።

እግዱ ሲፈቀድ ደብዳቤው ካርታውን ለሚያስተዳድረው የከተማው መሬት መሥሪያ ቤት ይጻፋል። እዚህ ላይ ሰው ይዘናጋል። ትእዛዙ ተሰጠ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ እንዳያድር ተከታተዪው። በእጅሽ ከሰጡሽ ወስደሽ አስገቢና ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ማኅተምና ቀን አስመቺ። ያቺን ቅጂ እንደ ዓይንሽ ጠብቂያት።

ቤት ሲሸጥ ውሉን የሚያረጋግጠው ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ ይጠይቃል። ባለትዳር ከሆነ ሚስት መፈረም አለባት። የሽማግሌ ወረቀቱ ለምን እንዲህ እንደተቸኮለበት አሁን ይገባሻል። በፌዴራሉ ሕግ አንዱ ያለሌላው ስምምነት የጋራ ቤት ቢሸጥ፣ ሌላው መሸጡን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ግን ቤቱ ከተሸጠና ሦስተኛ ሰው ከገባበት በኋላ ከመሟገት፣ ዛሬ አንድ ደብዳቤ ማድረስ በስንት ጣዕሙ።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር ቀለብ ነው። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ልጆቹ ይበላሉ፣ ይማራሉ፣ ይታመማሉ። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻው እንደደረሰው ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ አንቺም መተዳደሪያ፣ ስለ ንብረቱም አጠባበቅ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ግን ጠይቂ። ማመልከቻሽ ላይ ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ ዝም ተብሎ ይታለፋል።

የት እንደሚጀመር፦ የወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ዘንድ ነው፤ መዝገብ የሚከፍተው ክፍል ማለት ነው። ማመልከቻው የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ እሱ ነው። ይህ አያስፈራሽ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። ችሎት ላይ ደግሞ ለማይችል አስተርጓሚ ይቆማል፤ «እሰማለሁ» ብለሽ እንዳታልፊው፣ የችሎት ቋንቋ ከገበያው ይከብዳል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ጸሐፊው ከጨረሰ በኋላ መስመር በመስመር በአማርኛ እንዲነግርሽ አድርጊ፣ ከዚያ ፈርሚ። ሌላ ሰው ካስጻፈው ማመልከቻ የተረፈ ዐረፍተ ነገር፣ የሌላ ሴት የልጆች ቁጥር ሳይቀር፣ ገብቶ አይቻለሁ።

የምትይዢው የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የካርታው ኮፒ እጅሽ ላይ ካለ እሱን፣ የቤቱን ግዢ የሚያሳይ ማንኛውም ሰነድ ነው። የጋብቻ ወረቀቱ እሱ ጋ ከሆነ አትቁሚ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ማስረጃ ይወጣል፤ ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁንም ጎረቤት ይመሰክራል። የእቁቡን ነገር እቁብ ጸሐፊው ይመስክርልሽ፤ ደብተሩ ካለ ይበልጥ ጥሩ። እኩል ለመካፈል ማን ስንት እንዳዋጣ ማስላት አያስፈልግሽም። «በግል ገንዘቤ ነው የገዛሁት» ቢል ግን ይጠቅምሻል።

ሰብለ ወንጂ፦

እኔ ያለፍኩበት ስለሆነ ስለ ልጆቹ ብቻ ልጨምር። እትዬ ያሉት እውነት ነው፣ ቀለብ በጊዜ ጠይቂ።

የቀለብ መጠን ይህን ያህል መቶኛ ተብሎ ሕጉ ላይ አልተቀመጠም። ዳኛው የልጆቹን ፍላጎትና የአባትየውን አቅም ነው የሚያመዛዝነው። ስለዚህ ሁለቱንም ማሳየት ያንቺ ሥራ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የደንብ ልብስ፣ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውሌን በአንድ ፌስታል ይዤ ሄድኩ። ዳኛዋ አንድ በአንድ አገላበጠችው። የልጄ የአስም ስፕሬይ በየወሩ እንደሚገዛ ያየችው ከዚያ ደረሰኝ ነው፤ ቀለቡ ውስጥም ገባ። በቃል ብናገር ኖሮ የልጆቼ አባት «ድራማ ነው» ብሎ ሊክደው ተዘጋጅቶ ነበር።

የባልሽን ገቢ ደግሞ አንቺ መገመት የለብሽም። ድርጅት ውስጥ ተቀጣሪ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፎ ደመወዙን እንዲገልጽ ያዛል። ለሹፌር ደግሞ ከደመወዙ ሌላ የጉዞ አበል አለ። «ደመወዝና አበል» ብለሽ አስጽፊ፤ ደመወዝ ብቻ ከተባለ የሚመጣው ቁጥር ትንሽ ነው። ከተወሰነ በኋላ ከደመወዙ ላይ ተቆርጦ በቀጥታ እንዲገባልሽ ጠይቂ። በእጁ ይስጥሽ ከተባለ በየወሩ ስልክ መለመን ነው።

ልጆቹ ለማን ይሰጣሉ ብለሽ ከፈራሽ፣ «ወንድ ልጅ ለአባቱ ነው» የሚልሽን አትስሚ። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የሚታየው ለልጆቹ የሚበጀው ነው፤ ዕድሜያቸው፣ ጤናቸው፣ ማን ዘንድ ቢሆኑ እንደሚሻላቸው። እሱ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ይህ ራሱ ይናገራል። እሱም የመጎብኘት መብት ይኖረዋል፤ ቀንና ሰዓቱ ውሳኔው ላይ ቁርጥ ብሎ ቢጻፍ ለሁላችሁም ሰላም ነው። ልጆቼ አባታቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ያገኙታል፣ አሁን ያለ ጭቅጭቅ ነው።

የሜሮን እናት፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ እትዬ፣ እርስዎም ሰብለ። ሳነብ አለቀስኩ። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ አልፈርምም።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ባጃጅ አለን። የተገዛችው በእኛ ገንዘብ ነው፤ ሊብሬው ግን በወንድሙ ስም ነው። ሁለተኛ፣ «400 ሺህ ብር ከጓደኛዬ ተበድሬያለሁ፣ ግማሹ ያንቺ ዕዳ ነው» ይለኛል። ስለዚህ ብድር ሰምቼ አላውቅም። ሦስተኛ፣ የምሠራባት ሲንጀር የስፌት መኪና የእናቴ ናት፤ ሳላገባ ነው የሰጠችኝ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሁለት የስፌት መኪኖች ግን ከተጋባን በኋላ የገዛኋቸው ናቸው። እነሱንስ ይወስድብኛል?

ደግሞ እሱ አሁን ጅቡቲ ነው ያለው። መጥሪያ እንዴት ይደርሰዋል?

እትዬ መዝገብ፦

ጥያቄዎችሽ ጥሩ ናቸው። ከመጨረሻው ልጀምር።

ፍርድ ቤት ማመልከቻሽን ተቀብሎ መዝገብ ይከፍታል፣ ቁጥር ይሰጥሻል። ያንን ቁጥር ስልክሽ ላይ ጻፊው፤ ከዚህ በኋላ ስምሽ ሳይሆን ቁጥሩ ነው የሚጠየቀው። ለእሱ መጥሪያ ይወጣል። የድርጅቱን አድራሻ፣ የሚያድርበትን ቤት፣ ስልኩን አስጽፊ። መንገድ ላይ ቢሆንም ሹፌር አዳማ ሳይገባ አይከርምም። አልቀበልም ካለ፣ ያደረሰው ሰው ያንኑ ለፍርድ ቤቱ ይገልጻል። ሊገኝ ካልቻለ ደግሞ በር ላይ ተለጥፎም ሆነ በጋዜጣ እንዲጠራ ይታዘዛል። በትክክል ተጠርቶ ከቀረ ጉዳዩ እሱ በሌለበት ይታያል። ስለዚህ መደበቁ አያድነውም።

ሲቀርብ ዳኛው ሁለታችሁንም ያነጋግራል፣ አንዳንዴ ለየብቻ። ትታረቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ወደ ሽማግሌ ሊመራችሁ ይችላል። እነዚህ ግን እሁድ ቤትሽ የመጡት አይደሉም፤ አንቺም የምትመርጫቸው ናቸው፣ ውጤቱንም ለችሎቱ ያሳውቃሉ። የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል፤ በፌዴራሉ ሕግ ይህ ከ3 ወር አይበልጥም። ዕርቅ ካልሆነ ፍቺው ይወሰናል። ልብ በዪ፣ «ምክንያትሽ አይበቃም፣ ተመለሺና ኑሪ» ብሎ የሚፈርድ ዳኛ የለም። የድሮው ሕግ ከባድ ምክንያትና ቀላል ምክንያት እያለ ይለይ ነበር፤ ያ አልፏል።

ሌላም መንገድ አለ። እሱ ልቡ ከተመለሰ ሁለታችሁ በስምምነት መፋታት ትችላላችሁ። ስለ ንብረቱም ስለ ልጆቹም በጽሑፍ ተስማምታችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርቡታላችሁ። ዳኛው በነፃ ፈቃዳችሁ መሆኑን ያጣራል። ስምምነቱ ልጆቹን ወይም አንዳችሁን የሚጎዳ ከሆነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን ራሱ ማየት ይችላል። ያ ሉክ ወረቀት የዘለለው ይህን ማጣሪያ ነው።

ባጃጇ። በወንድሙ ስም ስለሆነች ከቤቱ ትከብዳለች፤ እውነቱን ልንገርሽ። ወንድሙም ወደ ክርክሩ መግባቱ አይቀርም። ገንዘቡ ከናንተ መውጣቱን የሚያሳይ የባንክ ዝውውር ካለ ፈልጊ። ሹፌሯ በየቀኑ ገቢ የሚያስገባው ለማን ነበር? ለባልሽ ከሆነ ሹፌሩ ትልቅ ምስክር ነው። የባጃጇ እግድ ደብዳቤ ደግሞ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ስለሆነ የሚጻፈው፣ የታርጋ ቁጥሯን ያዢ።

ዕዳው። ይህ «የጓደኛ ብድር» ፍቺ በመጣ ቁጥር ይወለዳል። የጋራ ዕዳ የሚባለው ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ነው፤ ለቤት ወጪ፣ ለልጆች፣ ለጋራ ንብረት። እሱ መበደሩን ማስረዳት አለበት፣ ገንዘቡ ቤታችሁ መግባቱንም። በፌዴራሉ ሕግ ከትንሽ ገንዘብ በላይ ለመበደር የሁለቱ ባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ በመልስሽ ላይ በግልጽ ካጂ። «አላውቅም» ብለሽ አትለፊ፤ «እንዲህ ያለ ብድር የለም፣ ቢኖርም ለትዳሩ አልዋለም» በዪ። በሥነ ሥርዓቱ በግልጽ ያልተካደ ነገር እንደታመነ ሊቆጠር ይችላል።

ሲንጀሯ ያንቺ ናት፤ ከጋብቻ በፊት በስጦታ ያገኘሻት መሆኑን እናትሽ ወይም ጎረቤት ይመስክሩ። ሁለቱ የስፌት መኪኖች ግን የጋራ ናቸው። የሱቁ ገቢም፣ ባንክ ያለሽ ቁጠባም፣ አሁን የምትጥዪው እቁብም የጋራ ነው። ይህን የምነግርሽ ሳትደብቂ እንድታስመዘግቢው ነው። ሴትየዋ ትንሿን ስትሸሽግ ተገኝታ በትልቁ ቤት ላይ የምትለውን ዳኛ በጥርጣሬ ሲሰማ አይቻለሁ። እኩል መካፈል ማለት ደግሞ እያንዳንዱን ዕቃ ለሁለት መቁረጥ አይደለም። መኪኖቹ ለአንቺ መተዳደሪያ ስለሆኑ በድርሻሽ ይታሰቡልኝ ማለት ትችያለሽ። ቤቱም በዓይነት የማይከፈል ከሆነ አንዱ ለሌላው ድርሻውን ከፍሎ ያስቀራል፤ ካልተቻለ በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡ ይካፈላል።

ስለ ገንዘብሽ። ጠበቃ ቢኖርሽ ጥሩ ነው፤ የግድ ግን አይደለም። ራስሽ ማቅረብ ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ያማክራል፤ አዳማም ቅርንጫፍ አለው። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ሄደሽ ጠይቂ። ለዳኝነት የሚከፈለውን መክፈል ካልቻልሽ ደግሞ አቅም እንደሌለሽ ገልጸሽ በነፃ ለመክሰስ ማመልከት ትችያለሽ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል።

ተፈሪ ጠበቃው፦

እትዬ የጻፉት ትክክል ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። በውሳኔው ቅር ከተሰኘሽ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። ስለዚህ የውሳኔውን ግልባጭ በጊዜ አውጪ፤ ግልባጩ በሚዘገይበት ጊዜ ሰው ቀኑ ያልፍበታል። ከተወሰነ በኋላም ፍቺውን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቢ። ይህን ሰው ይረሳዋል፤ ከዓመታት በኋላ ቤት ሲገዛ ወይም ዳግም ሲያገባ ነው የሚያንገላታው።

የሜሮን እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ከእህቴ ጋር እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አጎትየው ዛሬ ደውለው «እስከ ወር መጨረሻ ቤቱን ልቀቂ፣ ቁልፉን ለእኔ አስረክቢ» አሉኝ። ለሰላም ስል ለጊዜው እናቴ ጋ ብሄድ ይጎዳኛል?

እትዬ መዝገብ፦

አትውጪ፣ ልጄ። አጎትየው ከቤትሽ ሊያስወጡሽ ምንም ሥልጣን የላቸውም። ባልሽም ቢሆን በራሱ ጉልበት ሊያስወጣሽ አይችልም። ፍቺው በሂደት ላይ እያለ አንዳችሁ ከቤት መውጣት ካለባችሁ፣ ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣት ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያያል። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው እዚያው ሰፈር ነው፣ ሱቅሽም እዚያው ነው። ይህንን ጊዜያዊ ትእዛዝ በምትጠይቂበት ማመልከቻ ላይ ጨምሪ። አንቺ ራስሽ ለቀሽ ከወጣሽ ግን ነገ ቁልፉ ይቀየርና ለመመለስ ሌላ ክርክር ትጀምሪያለሽ።

ይህ ሁሉ በሰላም እስካለሽ ድረስ ነው። ዛቻ ወይም ዱላ ካለ ልጆችሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ ሂጂ፣ ቤት ለነፍስ አይበልጥም። በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ አመልክቺ፣ ለምን እንደወጣሽም ለችሎቱ አሳውቂ።

ሰኞ ስትሄጂ ማልደሽ ድረሺ፤ ከረፋድ በኋላ መስኮቱ ይጨናነቃል። የምስክሮችሽን ስም ስታስጽፊ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው፣ ቀበሌያቸውንና ስልካቸውን ጨምሪ። «እቁብ ጸሐፊው ጋሼ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ መጥሪያ አይወጣለትም። መዝገቡ ተከፍቶ ቁጥሩ ሲሰጥሽ እዚህ ጻፊልኝ፤ ቀጣዩን አብረን እናየዋለን።